ከስኮትላንድ እስከ ሜጫ፤ የፈረሰኛው የጄምስ ብሩስ ሕይወት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ የሜጫ ከተማ ከሆነችው ከመራዊ ይደርሳል። ከዚያም አልፎ ወደ ሰከላ ቢያቀና ግልገል ዓባይ የሚመነጭበትን ግሽ ዓባይን ያገኛል። ዛሬ ይህ አገር በመኪና የሚታለፍ ነው። በጥቅምት ወር 1763 ዓመተ ምሕረት ግን አንድ ቁመቱ እጅግ የረዘመ፣ ጠጉሩ የቀላ የባዕድ አገር ሰው የሜጫን ምድር በፈረስ ሲያቋርጥ ታየ። ከፊቱም ኮርቻ የተጫነ፣ ልጓም የገባለት፣ ነገር ግን ማንም ያልተቀመጠበት አንድ ፈረስ ያስነዳ ነበር። ያን ባዶ ፈረስ ያየ ሽፍታም ሆነ ወታደር መንገድ እየለቀቀ ያሳልፈው ነበር።

ይህ ሰው ጄምስ ብሩስ ነው። የጎንደር ሰዎች ያጎቤ ይሉት ነበር። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መምጣቱን በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። ነገር ግን ያ ባዶ ፈረስ እንዴት ከፊቱ ሊሄድለት እንደ በቃ፣ ስለ ጥሩር ለባሽ ፈረሰኞች የጻፈውም ነገር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የዛሬው ነገራችን ስለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥሩር ጨዋታ

በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን የመሳፍንት ልጆች ጥሩር ለብሰው፣ የራስ ቁር ደፍተው፣ በረጅም የእንጨት ጦር በፈረስ እየተጋጠሙ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው የጦር ሜዳ ትምህርት ቤት ነበር። ይሁን እንጂ ጨዋታ ቢሉትም ሰው ይገድል ነበር። በ1559 የፈረንሳይ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ለሠርግ በተዘጋጀ ግጥሚያ ላይ ከስኮትላንድ ዘበኞቻቸው አለቃ ጋር ሲጋጠሙ፣ የተሰበረው ጦር ስንጣሪ በቁሩ ቀዳዳ ገብቶ ዓይናቸውን ወጋቸውና ከዐሥር ቀን በኋላ ሞቱ። የሚያስደንቀው በዚያው ዓመት የእኛ ዐፄ ገላውዴዎስ በእውነተኛ ጦርነት ላይ በጦር ሜዳ መውደቃቸው ነው። አንዱ ንጉሥ በጨዋታ፣ ሌላው ንጉሥ ለአገራቸው ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የፈረሰኛው ግጥሚያ እየደከመ ሄደ። ጠመንጃም ጥሩርን ከንቱ አደረገው። ዛሬ ደግሞ ወጣቶች እንደ ገና አንሥተውታል። ከ2010 ጀምሮ የብዙ አገሮች ቡድኖች የብረት ልብስ ለብሰው፣ አፉ በደነዘ ሰይፍና መጥረቢያ በዓለም አቀፍ ውድድር ይገናኛሉ። በቡድን ግጥሚያው ላይ ከሁለት እግሩ በቀር ሌላ የሰውነቱ ክፍል መሬት የነካ ተጫዋች ከሜዳው ይወጣል።

በአገራችንም የዚህ ዘመድ የሆነ ጨዋታ ከጥንት አለ፤ ይኸውም ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸውም በጋሻው ጀርባውን ይከላከላል። ይህም እንደ አውሮፓው ሁሉ የጦርነት ልምምድ ነበር። ልዩነቱ የእኛ ፈረሰኛ ሰውነቱን በብረት ከመሸፈን ይልቅ በጋሻውና በፈረሱ ፍጥነት መታመኑ ነው።

የፈረሰኛው አስተዳደግ

ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ ወር 1730 በስኮትላንድ በኪናይርድ ተወለደ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት። በእንግሊዝ አገር በታወቀው በሃሮ ትምህርት ቤት ተማረ። ቀጥሎም በኤዲንበርግ ሕግ ጀመረ፤ ነገር ግን ጤናውም ልቡም ለመዝገብ ሥራ አልሆነለትም። የሚወደው በፈረስ መጋለብና ማደን ነበር። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ሚስቱ ግን ዓመቱ ሳያልቅ በፓሪስ በሳንባ በሽታ ሞተችበት። ከሐዘኑ የተነሣ ንግዱን ትቶ ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት ተመለሰ። ዐረብኛ ተማረ፤ የኢትዮጵያን ቋንቋዎችም ሂዮብ ሉዶልፍ ከጻፋቸው መጻሕፍት አጠና። አባቱ ሲሞት የወረሰው ርስት የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ስለ ነበረ፣ ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ አላጣም።

በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ሄደ። ከዚያም በኋላ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ሲዘዋወር የዐረቦችን አጋላለብና በሚሮጥ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃ መተኮስን ተማረ። ጥቂትም ሕክምና ቀሰመ። በዚያን ጊዜ ይህ ሁሉ ለአንድ ባለርስት የጊዜ ማሳለፊያ ይመስል ነበር። ኋላ ግን ነፍሱን ያዳነው ይኸው ሆነ።

በጎንደር አደባባይ

ብሩስ በመስከረም 1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ በየካቲት 1770 ጎንደር ደረሰ። ከእሱም ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ ነበር። የደረሱበት ዘመን እጅግ አስጨናቂ ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል ኀይሉን ሁሉ ይዘው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገሥታት ሞተው፣ ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ተቀምጠው ነበር። በቁስቋም ቤተ መንግሥት ደግሞ አረጋዊቷ እቴጌ ምንትዋብ ከቤተሰባቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያም ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ታመው ነበርና ብሩስ ክፍሎቹን አስጠርጎ፣ መስኮቶቹን አስከፍቶ፣ በዕጣን አሳጥኖ ሕሙማኑን አስታመመ። በተለይ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ስለ ዳነ ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ወዳጁ ሆኑ።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው በሐኪምነቱ ብቻ አይከበርም ነበር። አንድ ቀን በግብር ላይ የራስ ሚካኤል የእኅት ልጅና የነፍጠኞች አለቃ የነበረው ገብረ መስቀል ስለ ተኩስ ችሎታው ሲናገር፣ ብሩስ በእኔ እጅ የሻማ ቁራጭ ከአንተ የብረት ጥይት የበለጠ ይሠራል ብሎ ተናገረው። ገብረ መስቀል ተቆጥቶ ነገሩ ወደ ድብድብ ደረሰ፤ ብሩስም ራሱ ላይ ጥቂት ቈሰለ። በቤተ መንግሥት ግቢ ደም ማፍሰስ ብርቱ ቅጣት ያለበት ወንጀል ስለ ነበረ፣ ገብረ መስቀል በሰንሰለት ታሰረ። ብሩስ ግን ራሱ ሄዶ አስፈታው። እንዲህ ባያደርግ ኖሮ ደም የሚፈላለገው ባለጋራ ባፈራ ነበር።

ንጉሡም ወሬውን ሰምተው ነገሩ እንዲታይ አዘዙ። ብሩስ በጠመንጃው ውስጥ ግማሽ የጮማ ሻማ አግብቶ ቢተኩስ ሦስት ጋሻ ተደርቦ ሳለ በሳው። ይህ አስማት አይደለም። ለስላሳ ነገርም ቢሆን ፍጥነቱ ከበዛ፣ ለመፍረስ ጊዜ ሳያገኝ የያዘውን ኀይል ሁሉ ባንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ተመልካቹ ግን ተደነቀ፤ የእንግዳውም ስም ገነነ።

ከዚያ በኋላ ብሩስ በንጉሡ ዘንድ ባለሟል ሆኖ ተሾመ። እሱ እንደ ጻፈው ደግሞ የኮከብ ፈረሰኞች የሚባሉት የንጉሡ ዘበኞች አዛዥ ተደረገ። እነዚህ አብዛኞቹ ከስናር በኩል የመጡ ፈረሰኞች ነበሩ። ከቀለበት ቀለበት የተሳሰረ የብረት ጥሩር ይለብሳሉ፤ የፈረስ ጭራ ጉንጉን ያለበት የመዳብ ቁር ይደፋሉ፤ የፈረሶቻቸውም ግንባር በናስ ሰሌዳ የተሸፈነ ነበር። በአውሮፓ ከታሪክ መጽሐፍና ከሥዕል በቀር የማይታየውን የጥሩር ፈረሰኛ፣ ብሩስ በጎንደር ሕያው ሆኖ አገኘው።

የሜጫው ባዶ ፈረስ

በጥቅምት መጨረሻ 1770 ብሩስ ወደ ዓባይ ምንጭ ለመሄድ ተነሣ። አስቀድሞ በግንቦት ወር የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይቶ ነበር። ወደ ምንጩ የሚወስደው ምድር ግን በደጃዝማች ፋሲል እጅ ነበር። ደጃዝማቹ የዳሞትና የሜጫ ጌታ፣ የራስ ሚካኤልም ብርቱ ተቃዋሚ ነበሩ። ብሩስ ከጣና በስተምዕራብ ባምባ በተባለ ስፍራ ከሰፈራቸው ደርሶ ቀረበ።

አቀባበሉ መልካም አልነበረም። ደጃዝማች ፋሲል ይህ ጉዞ ለጦረኛ እንጂ እንደ እሱ ላለ ለስላሳ ነጭ ሰው እንደማይሆን ተናገሩት። ብሩስ በንዴት ከአፍንጫው ደም እስኪፈስስ ድረስ ተቆጣ። በቤታቸው ጥላ ሥር የመጣን እንግዳ ማዋረድ የጌታ ሥራ አለመሆኑን ተናገረ። በአገሩ ያሉ የሠለጠኑ ፈረሰኞች ጥቂት ቢሆኑም ስንቱን ሊበትኑ እንደሚችሉ ሁሉ ፎከረ። ይህ ንግግር ብልህነት አልነበረም። በሰው አገር፣ በሰው ድንኳን፣ ብዙ ሠራዊት በከበበው ስፍራ እንዲህ መናገር ሕይወትን ያስከፍላል።

በማግስቱ አንድ ፈረስ ቀረበለት። ፈረሱ እጅግ ክፉ፣ ሰው የማያስቀምጥ ነበር። ሰው ሁሉ ወድቆ ሲሳቅበት ለማየት ተሰበሰበ። ብሩስ ግን ተቀመጠበት። ፈረሱ ዘለለ፣ ተገለበጠ፣ ተራገጠ፤ ፈረሰኛው አልወደቀም። ከዚያም በዳገትና በቁልቁለት፣ በታረሰ መሬት ላይ ላቡ እስኪንጠባጠብ ጋለበውና አድክሞ መለሰው። ወዲያውም በራሱ ፈረስ ላይ ወጥቶ እየጋለበ በሰማይ የሚያንዣብቡ ጭላቶችን በጠመንጃው አወረደ።

የሰፈሩ ሳቅ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ደጃዝማች ፋሲልም ፈረሱ ክፉ መሆኑን እንዳላወቁ ማሉ፤ ያቀረበውንም አሽከር ሊቀጡ ተነሡ። በመጨረሻም እንግዳቸውን በጨዋ ወግ ሸኙት። ከፈረሶቻቸው አንዱን ከነኮርቻው ሰጥተው፣ እንዳይቀመጥበት፣ ነገር ግን ከፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ መከሩት። የሜጫ ሰዎች ፈረሱን ለይተው ያውቁት ነበርና ያን ያየ ሁሉ እንግዳው የማን እንደ ሆነ ያውቃል። በመጀመሪያ የጠቀስነው ባዶ ፈረስ ይህ ነው። የይለፍ ወረቀት በሌለበት ዘመን ፈረሱ ራሱ የይለፍ ወረቀት ሆነ።

ብሩስ በዚህ ጥበቃ ሥር ክልቲ ወንዝን ተሻግሮ፣ የሜጫን ምድር አልፎ፣ ኅዳር 4 ቀን 1770 ከግሽ ደረሰ። መሪው ወልዶ የሐር መቀነቱን እስኪያገኝ ድረስ ምንጩን አላሳይም ብሎ እንዳስቸገረው ጽፏል። የአገሩ ሰዎች ምንጩን ያከብሩ ስለ ነበር ጫማውን አውልቆ ወረደና ከውሃው ጠጣ። ደስታው ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ትካዜ ተለወጠበት። ስንት ዓመት የደከመለት ነገር አንዲት የሣር ጉብታና ጥቂት ውሃ ሆና ታየችው።

የተሰወረው ጓደኛ

እዚህ ላይ የብሩስን ጉድለት መናገር ይገባናል። ወደ ግሽ ሲሄድ ሠዓሊው ባሉጋኒ አብሮት ነበር፤ የዚህም ማስረጃ ባሉጋኒ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ነው። ባሉጋኒ ከዚያ ከተመለሱ በኋላ በ1771 በጎንደር ታሞ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ክብሩን የሚካፈለው ሰው እንዳይኖር ፈለገ። እንዲሁም ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባለው የእስፓንያ ካህን በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ይህንኑ ምንጭ ማየቱን ለመካድ ሞከረ። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀው የነበረ ምንጭ ፈላጊ ለመባል ሲል፣ በፈረስ ጀርባ ያገኘውን ክብር በብዕሩ አጎደፈው።

በግንቦት 1771 በሠርባኩሳ በራስ ሚካኤልና በተቃዋሚዎቻቸው መካከል ብርቱ ጦርነት ሆነ። ብሩስ በዚያ ነበር፤ ንጉሡም የወርቅ ሐብል ሸለሙት። በመጨረሻም ራስ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የአገሩ መከራ ያሰለቸው ብሩስ በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ።

በስናር አጠገብ የሼክ አደላንን ፈረሰኞች ሰፈር አየ። ከአራት መቶ በላይ ፈረሶች በረድፍ ታስረዋል፤ በየፈረሱ አጠገብ የፈረሰኛው ጥሩር፣ ቁርና ሰይፍ ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ የኑብያን በረሓ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ። መጽሐፎቹንና መሣሪያዎቹን በአሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ዕቃውን አስመጣ። ከኢትዮጵያ ካወጣቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ስለ ሆነ የአውሮፓ ሊቃውንት እጅግ ተደሰቱ፤ በ1821ም ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።

እውነቱ የቱ ነው?

ብሩስ በ1774 ለንደን ሲደርስ ሰው አላመነውም። ስለ ጥሬ ሥጋ፣ ስለ ጎንደር ግብርና ስለ ጥሩር ለባሾቹ የተናገረው ሁሉ መሳቂያ ሆነ። እሱም ተቀይሞ ወደ ርስቱ ሄደና ዳግመኛ አግብቶ ዝም አለ። ሁለተኛዋ ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ነበር ወዳጆቹ ገፋፍተውት አምስት ክፍል ያለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው። መጽሐፉ በ1790 ታተመ።

ከሞተም በኋላ ክርክሩ አላቆመም። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1810 በትግራይ ሳለ፣ ብሩስን በጎንደር ያውቀው የነበረ አንድ ሊቅ አግኝቶ ጠየቀው። ሊቁም ብሩስ በእቴጌይቱና በወይዘሮ አስቴር ዘንድ የተወደደ፣ ጥሩ ፈረሰኛና ጥሩ ተኳሽ እንደ ነበረ መሰከረ። ነገር ግን አገር አልገዛም፣ ጦርም አላዘዘም፣ አንድ ጦርነት ላይ ተገኘ እንጂ አልተዋጋም ብሎ ተናገረ። እንግዲህ የኮከብ ፈረሰኞች አዛዥነቱ አጠራጣሪ ሆነ ማለት ነው። ጥሩር ለባሾቹ ግን ተረት አልነበሩም። በሱዳን በኩል ጥሩር የሚለብሱ ፈረሰኞች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ነበሩ። ከብሩስ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ለንደን የሳቀችበትን ብዙውን ነገር እውነት ሆኖ አግኝተውታል።

የሚያሳዝነው ይህ ነው። ብሩስ ያየው ብቻ ይበቃው ነበር። ክፉውን ፈረስ የገራው፣ ጓደኛው ሳይጠራው የቀረበት፣ ሕሙማን ያዳነው፣ መጻሕፍት ያተረፈው አንድ ሰው ነው። በእውነተኛው ሥራው ላይ ጥቂት ውሸት ስለ ጨመረበት፣ አንባቢው እውነቱንም ጭምር ተጠራጠረው። የገብረ መስቀልን ቁጣ፣ የደጃዝማች ፋሲልን ንቀት፣ የኑብያን በረሓ ያለፈው ይህ ፈረሰኛ ሚያዝያ 1794 በገዛ ቤቱ አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃ ወደቀና በማግስቱ ሞተ።

ብሩስ ያለፈበት ምድር የፈረሰኛን ወግ አልረሳም። ከሜጫ ቀጥሎ ባለው በአገው ምድር በ1932 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ፈረሶቹ ተሸልመው፣ ጋላቢዎቹ ተሰልፈው፣ ጉግሱ ሲጀመር የሚያይ ሰው የጥንቱ ትምህርት ቤት አሁንም እንዳልተዘጋ ይረዳል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የጥሩርን ግጥሚያ ከሩቅ ሰምተህ ብትመኝ፣ አስቀድመህ በአገርህ ሜዳ ያለውን እይ፤ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀርበህ በፈረስ መቀመጥን ተማር። ስትጋልብ በርታ፤ ተመልሰህ ያየኸውን ስትናገር ግን ያላደረግኸውን አትጨምር፤ አብሮህ የነበረውንም አትርሳ። ኮርቻ ላይ የሚያጸና ጉልበት ብዙ ሰው ያገኘዋል፤ በመጽሐፍ ላይ የሚያጸና እውነት ግን ብሩስን የሚያህል ፈረሰኛ እንኳ ጎድሎት ተገኝቷል።